አራስ ስትቀመጥ የሚያማት ቦታ

እንደምን አደራችሁ እናቶች፣ እህቶቼ።

ለልጆቻችሁ የ45 ቀን ክትባት ተራ ስትጠብቁ እያየኋችሁ ነበር። አንዳንዶቻችሁ በአንድ ጎን ብቻ ተቀምጣችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ወንበር እያለ ቆማችኋል። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሦስት ወር ሙሉ እንደዚያ ነበር የምቀመጠው። አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሳለ፣ ቦታው ስለሚያሳፍር ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ዛሬ ግን በግልጽ እንነጋገር።

የሚያመው አከርካሪያችን የሚያልቅበት ጫፍ፣ የጭራ አጥንት ነው። ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘው የሠሩት ነው። በምጥ ጊዜ የልጁ ጭንቅላት ሲያልፍ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ምጡ ሲከብድ ወይም ልጁ በመሣሪያ ሲወለድ መጋጠሚያው ይጎዳል፣ አልፎ አልፎም ይሰበራል። በክረምት ጭቃ አዳልጦን በመቀመጫችን ስንወድቅም እንደዚሁ። ሴቶችን ከወንዶች 5 እጥፍ ገደማ ያጠቃል። ስንቀመጥ ይወጋል፣ ብድግ ስንል ይብሳል፣ ስንራመድ ቀለል ይላል።

አራሷን የምታርሱ እናቶች፣ እናንተን ደግሞ ልለምናችሁ። በትራስ ደግፋችሁ፣ ወደ ኋላ ጋደም አድርጋችሁ ገንፎውን የምታጎርሷት ከፍቅር ነው። ነገር ግን እንደዚያ ስትደገፍ ሸክሙ ያው የታመመው አጥንት ላይ ያርፋል። በጎኗ ተኝታ ልጇን ታጥባ። ስትቀመጥ ወደ ፊት ዘንበል ትበል፤ ክብደቷ ጭኗ ላይ ይረፍ። ወፍራም ስፖንጅ ፈልጉና በኋላ በኩል ቁረጡለት፣ አጥንቱ የሚነካው ነገር እንዳይኖር። መሀሉ ክብ የተቀደደው ግን ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አይረዳም። ቡና ሲፈላም በርጩማው ላይ እስከ በረካ አትቆይ፤ አቦሉ ሲያልቅ ተነስታ ትንቀሳቀስ።

ሆድ ድርቀት ሕመሙን ያባብሰዋል። ከገንፎውና ከአጥሚቱ ጋር ጎመን፣ ምስርና ብዙ ውሃ ስጧት። ለብ ያለ ውሃ በላስቲክ ይዛ ትሙቀው፤ ሲብስ ፓራሲታሞል ትውሰድ። ወጌሻ ይሳበው የምትሉ አላችሁ፤ እባካችሁ ተዉት።

አብዛኞቹ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይድናሉ። ከሁለት ወር ካለፈ ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ለአንዳንዶችም መርፌ ይሰጣል። ቀዶ ሕክምና የሚደርሰው ለጥቂቶች ብቻ ነው። ትኩሳት ወይም መግል ያለበት እብጠት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ኑ። ብልታችሁ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ካመለጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

አሁን ልጆቹን አጠገባችሁ ላሉት አቀብሉና አብረን እንሞክር። እግራችሁን መሬት ላይ አጽኑ። ደረታችሁን ወደ ፊት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ተነሱ። አሁንም የወጋት እጇን ታውጣ፤ አጠገቧ መጥቼ አሳያታለሁ።