የባራኖቫ ስድስት፣ አምስት፣ አራት

ሰላም ልጆች፣ ወላጆችና አሰልጣኞችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ብዙ አላቆያችሁም።

ስለምትወጂው ተጫዋች አውሪልን ስባል ስለ አንዱ አሜሪካዊ ወንድ የማወራ የመሰላችሁ አትጠፉም። አይደለም። የማወራችሁ ኤሌና ባራኖቫ ስለምትባል ሩሲያዊት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። መጫወት ካቆመች ቆይታለች። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፣ እንዳትምታቱ።

በ1972 ፍሩንዜ በምትባል ከተማ ተወለደች። ዛሬ ቢሽኬክ ትባላለች፣ የኪርጊስታን ዋና ከተማ ናት። ያኔ ግን ሁሉም ሶቪየት ኅብረት ነበር። በ1991 የሶቪየትን መለያ ለብሳ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች፤ ዓመቱ ሳያልቅ አገሩ ራሱ ፈረሰ። በዓመቱ ባርሴሎና፣ አዎ፣ ደራርቱ ወርቅ ያመጣችበት ኦሎምፒክ፣ የቀድሞዎቹ ሶቪየቶች የተዋሃደ ቡድን በሚል ስም ገቡ። በግማሽ ፍጻሜው አሜሪካን 79 ለ 73 ጣሉ። በፍጻሜው ቻይናን 76 ለ 66። ባራኖቫ ገና 20 ዓመቷ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ወርቅ አጥልቀሽ ቆመሻል፣ የሚሰቀለው ግን ባለ አምስት ቀለበቱ የኦሎምፒክ ባንዲራ ነው፣ ምክንያቱም የአንቺ የሚባል ባንዲራ የለም።

ከአምስት ዓመት በኋላ እዚያው ያሸነፈቻቸው ሰዎች አገር ሄደች። በ1997 የአሜሪካ የሴቶች ሊግ፣ ደብሊውኤንቢኤ፣ በስምንት ቡድን ሲጀመር ዩታ ስታርዝ ገባች። በሊጉ የመጀመሪያዋ ሩሲያዊት እሷ ናት። ቡድኑ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ከ28 ጨዋታ ያሸነፈው 7 ብቻ ነው!

እኔን የማረከችኝ ግን በሌላ ነገር ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ96 ነው። እንደዚህ የረዘመች ልጅ ከቅርጫቱ ሥር ውልፍት እንዳትል ነው የሚነገራት፣ እኔም ያደግኩት እንደዚያ እየተባልኩ ነው፣ አንድ ቀን ከሩቅ ወርውሬ አግብቼ እንኳን ተቆጥተውኛል። ባራኖቫ ሪባውንዱንም፣ ማለትም ስቶ የተመለሰውን ኳስ፣ ትወስዳለች፣ ኳስም ታግዳለች፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ውጭ ወጣ ብላ ሦስት ነጥብ ትወረውራለች። በ1998 ዩታ 2 ሜትር ከ18 የሆነች ፖላንዳዊት ሲያመጣ ጭራሽ እሷ አጭር መሰለች። ኋላ ማያሚ ሄዳ በ2001 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተመረጠች፣ ከዚያ እስከ 2005 ኒውዮርክ ተጫወተች።

ታዲያ በክለብ አብራቸው የምትጫወተው አሜሪካውያን በብሔራዊ ቡድን ፊት ለፊት ይጠብቋታል። 1998፣ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ በርሊን፦ አሜሪካ 71፣ ሩሲያ 65። በስድስት ነጥብ። 2002፣ አሁንም የዓለም ፍጻሜ፣ ቻይና ውስጥ፦ 79 ለ 74። በአምስት። 2004፣ የአቴንስ ኦሎምፒክ ግማሽ ፍጻሜ፦ 66 ለ 62። በአራት! ልዩነቱ እንዴት እየጠበበ እንደመጣ አያችሁ? በመሃል በ2003 የአውሮፓን ዋንጫ በልተዋል፣ አቴንስም ብራዚልን አሸንፈው ነሐስ ይዘው ተመልሰዋል፤ ያቺ አሜሪካ ግን በትልልቆቹ ቀን አልቀመስ አለች።

በ2006 ሳኦ ፓውሎ ላይ፣ በዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ፣ ሩሲያ አሜሪካን 75 ለ 68 አሸነፈች። ባራኖቫ ቡድኑ ውስጥ አልነበረችም። ባገኛት መጀመሪያ የምጠይቃት ያንን ጨዋታ የት ሆና እንዳየችው ነው።