የነከሰው ማን ነው? የኤስፔራንቶ "ኪዩ" እና የእኛ "ን"

[ጥቁር ሰሌዳ፤ ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎበታል]

ልጁን የነከሰው ውሻ።
ልጁ የነከሰው ውሻ።

በላይኛው መስመር ጥፋተኛው ውሻው ነው፤ በታችኛው ደግሞ ልጁ። ልዩነቱን ያመጣችው አንዲት "ን" ናት። እሷን ይዘን ኤስፔራንቶ ወደታተመባት ከተማ፣ ወደ ዛሬዋ የፖላንድ መዲና ዋርሶ እንሂድ።

በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሉድቪክ ዛሜንሆፍ የተባለ የዓይን ሐኪም የፈጠረውን ቋንቋ በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። የብዕር ስሙ "ዶክተር ኤስፔራንቶ"፣ ማለትም "ተስፋ የሚያደርገው ዶክተር" ነበር፤ ቋንቋው ይህንኑ ስም ወረሰ።

እኛ "የ"ን ግሡ ላይ ለጥፈን ገላጩን ሐረግ ("ልጁን የነከሰው") ከስሙ ("ውሻ") እናስቀድማለን። ኤስፔራንቶ ግን ስሙን ያስቀድምና "ኪዩ" የሚል አንጻራዊ ተውላጠ ስም፣ ማለትም ስሙን ከገላጭ ሐረጉ ጋር የሚያያይዝ ቃል፣ ያስከትላል። "ኪዩ ቬኒስ?" ሲባል "ማን መጣ?" ማለት ነው፤ የሚጠይቀውም የሚያያይዘውም ያው አንድ ቃል ነው።

[ሰሌዳው ይገለበጣል]

ላ ሁንዶ፣ ኪዩ ሞርዲስ ላ ክናቦን።
ላ ሁንዶ፣ ኪዩን ላ ክናቦ ሞርዲስ።

"ሁንዶ" ውሻ፣ "ክናቦ" ልጅ፣ "ሞርዲስ" ነከሰ። ከላይ "ን" ልጁ ላይ ስላረፈች የተነከሰው ልጁ ነው። ከታች "ኪዩ" ላይ ስላረፈች የተነከሰው ውሻው ነው። ተሳቢን በ"ን" በማመልከት ሁለቱ ቋንቋዎች የገጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ለእኛ ግን ያልታሰበ ሲሳይ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህች "ን" ብዙ ላብ ያፈሳሉ።

ግን አንጣደፍ፤ የእኛም ወጥመድ እዚሁ ተደብቋል። "ልጁን የነከሰውን ውሻ አየሁ" ስንል ሁለተኛዋ "ን" የት አረፈች? "የነከሰው" ላይ። ያመጣት ግን ከሐረጉ ውጭ ያለው "አየሁ" ነው። ይህን የለመደ ጆሮ ወዲያው "ኪዩን" ሊል ይዳዳዋል። ትክክሉ ይህ ነው፦

ሚ ቪዲስ ላ ሁንዶን፣ ኪዩ ሞርዲስ ላ ክናቦን።

የታየው ውሻው ስለሆነ "ሁንዶን" ተባለ። በሐረጉ ውስጥ ግን ነካሹ እሱ ነውና "ኪዩ" ባዶውን ቆመ። "ኪዩ" "ን"ን የሚቀበለው ራሱ ካለበት ሐረግ ብቻ ነው፤ ውጭ ያለው ግሥ አያዘውም።

በቁጥር ግን ውጭ ያለውን ስም ይከተላል፦ ውሾቹ "ሁንዶይ" ሲሆኑ እሱም "ኪዩይ" ይሆናል። "ኪዬስ" የሚባለው ዘመዱ ባለቤትነትን ያሳያል፤ ቁጥርም "ን"ም አይነካውም። "ላ ክናቦ፣ ኪዬስ ሁንዶ ፎርኩሪስ" ማለት "ውሻው የሸሸበት ልጅ" ነው። እኛ "የምኖርበት ቤት" ስንል "በት"ን ግሡ ጫፍ ላይ እንሰቅላለን፤ እነሱ ግን "ላ ዶሞ፣ ኤን ኪዩ ሚ ሎጃስ" ብለው መስተዋድዱን ከ"ኪዩ" በፊት ያቆሙታል።

[ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ብቻ ይቀራል]

ላ ሁንዶይ፣ ኪዩይን ላ ክናቦ ሞርዲስ፣ ፎርኩሪስ።

ልጁ የነከሳቸው ውሾች ሸሹ። "ይ" ከውሾቹ ብዛት መጣች፤ "ን" ከልጁ ጥርስ።