ከአፕዴት በኋላ ዝም ያለ ሪፖርት

በጅማ ለቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሒሳብና የመረጃ ሠራተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

አካም ቡልተን! እንደምን አደራችሁ!

ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ኮሳ በጠዋት ተነሥታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ የማናዎቹንም ቅርብ ናችሁ ብዬ አልዘልላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አጭር እንዲሆን ስለተነገረኝ ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅም አላወራም። የማነሣው ሁላችሁም የምታውቁትን ነው። ማታ በደህና የዘጋችሁት ኮምፒውተር አፕዴት አድርጎ ያድራል፤ ከየጣቢያው የእሸት ቡና ግዢ የሚሰበስበው ዋናው የኤክሴል ፋይል ጠዋት ሪፍሬሽ፣ አዲሱን ቁጥር አምጣ፣ ሲባል እምቢ ይላል።

ያኔ ምን እንደምናደርግ እንተዋወቃለን። አንዱ ቁጥሩን በስልክ እየጠየቀ በእጁ መጻፍ ይጀምራል። ሌላው ቴክኒሻን ይጠራል፤ ቴክኒሻኑም ገና ወንበር ሳይስብ «ፎርማት መደረግ አለበት» ይላል። እኔም ቴክኒሻን ስለሆንኩ የሙያ ባልደረቦቼ አይቀየሙኝም። ሁለቱም አያስፈልግም። ጣቢያ ላይ የተመዘነው ቡናም ሆነ የተከፈለው ብር በየፋይሉ እንዳለ ነው። የተቆረጠው ከዚያ ወደ እናንተ የሚያመጣው መንገድ ብቻ ነው።

እንዲያውም እምቢ ያለ ፋይል አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ እሺ ያለ የሚመስለው ነው። ኤክሴል ሪፍሬሹ ሳይሳካለት ሲቀር ሰንጠረዡን ባዶ አያደርገውም፤ ባለፈው ያመጣውን ቁጥር እንደያዘ ይቀመጣል። መልእክቱን ሳያነብ «ኦኬ» ብሎ ያለፈ ሰው ያለፈውን ሳምንት ፈረሱላ የዚህ ሳምንት ነው ብሎ ያትማል፣ ያስፈርማል፣ ማኅተም ያስመታበታል። በዚያ ቁጥር ብር ይጠየቃል፣ መኪና ይታዘዛል። የተሳሳተው ሲታወቅ ደግሞ ጥያቄው የሚመጣው ወደ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ወደ ፈረመው ሰው ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ፦ በኩዌሪያችሁ፣ ማለትም ከየፋይሉ ቁጥር በሚስበው ትእዛዝ ውስጥ፣ የታደሰበትን ቀንና ሰዓት ራሱ የሚጽፍ አምድ አስገቡ፤ እሱም በሪፖርቱ ራስጌ ላይ ይታይ። ቀኑ የትናንት ከሆነ አይፈረምም። የኩዌሪዎችና ኮኔክሽኖች (የመረጃ መገናኛዎች) ዝርዝር በቀኝ በኩል ሲከፈትም በየኩዌሪው ስንት ረድፍ እንደገባ ይነግራችኋል። በግዢ ወቅት በየቀኑ መጨመር ያለበት ቁጥር ከቀነሰ፣ የአንድ ጣቢያ መረጃ ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል።

መንገዱ የሚቆረጠው የት ነው? እኔ በየቢሮው በብዛት የማገኘው ሼር ፎልደር ላይ ነው። ልማዳችንን ታውቁታላችሁ፤ በአንዱ ኮምፒውተር ፎልደር ከፍተን፣ ፓስወርዱን አንስተን፣ ለሁሉም ክፍት እናደርገዋለን። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም፣ 24ኤች2 የሚባለው፣ ይህን ልማድ አልወደደውም። የፕሮ እትሙ ስምና ፓስወርድ ሳይሰጡ በእንግድነት ወደ ሼር ፎልደር መግባትን አይፈቅድም። ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ኤክሴል ላገኘው አልቻልኩም የሚለው ለዚህ ነው። ጥበቃውን አጥፉት የሚል ምክር በየቦታው ሞልቷል፤ እኔ አልመክርም። ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ ያለው ተጠቃሚ ክፈቱ፣ በእሱ ግቡ፣ አለቀ።

ከመጋዘን ወይም ከሽያጭ ፕሮግራም መረጃ የምትስቡ ደግሞ ድራይቨሩን፣ ኤክሴልን ከዚያ ፕሮግራም ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር፣ ተመልከቱ። ኦፊስ ከ2019 እትሙ ወዲህ ሌላ ካልተመረጠለት በ64 ቢት ይጫናል፤ አሮጌው ድራይቨር 32 ቢት ከሆነ አይግባቡም። ይህ ኮኔክሽን የሚዘጋጅበት የኦዲቢሲ ማስተካከያም በዊንዶውስ ውስጥ ሁለት ነው፤ አንዱ ለ32 ቢት፣ ሌላው ለ64 ቢት። በአንዱ የሠራችሁትን ኮኔክሽን በሌላው ገብታችሁ ብትፈልጉ ቀኑን ሙሉ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ጥፋቱ የአፕዴቱ የራሱ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በኦክቶበር 2017 የወጣው የዊንዶውስ የደኅንነት አፕዴት፣ ጄት በሚባለው የማይክሮሶፍት መረጃ ማንበቢያ ሶፍትዌር በኩል አሮጌውን የኤክሴል ፋይል የሚከፍቱ ፕሮግራሞችን ከሥራ ውጭ አድርጎ ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ አምኖ ማስተካከያ አወጣ። ያኔ ፎርማት ያስደረገ ሰው ያው አፕዴት ተመልሶ ሲገባ ያው ችግር ይመለስበት ነበር።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠር ልውሰዳችሁ። ማይክሮሶፍት የወሩን የደኅንነት አፕዴት የሚለቀው በፈረንጅ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ሁለተኛው ማክሰኞ ምንጊዜም ከ8 እስከ 14 ባሉት ቀኖች ይውላል። ጁላይ 8 ደግሞ የኛ ሐምሌ 1 ነው። አስሉት እንግዲህ! የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ዓመቱን ለማጠቃለል በምንራወጥበት በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት አፕዴቱ በየዓመቱ ከተፍ ይላል። ተንኮል የለበትም፣ አጋጣሚ ነው። ቢሆንም አስቀድሞ የሚታወቅ አጋጣሚ ነው። ከሰኔ መጨረሻ ጀምራችሁ አዘግዩት፤ ዊንዶውስ 11 እስከ አምስት ሳምንት ይፈቅዳል። የኦፊስ አፕዴት ለብቻው ስለሆነ እሱን በኤክሴል ውስጥ ከፋይል ወደ አካውንት ገብታችሁ ያዙት። ሪፖርቱ ሲወጣ መጀመሪያ በአንድ ኮምፒውተር ሞክሩ፣ ከዚያ ለሌሎቹ ልቀቁ። ለዘለዓለም ዝጉት ግን አላልኩም፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ቢሮ አፕዴት አጥፍቶ መኖር ቫይረስን ወንበር ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ኮኔክሽኑን እንደ አዲስ ስትሠሩ የአርሶ አደሮቹ ስም ትርጉም በሌለው ምልክት ከተሞላ፣ ፊደሉ አልጠፋም። ከሲኤስቪ፣ በኮማ ከተለያየ የጽሑፍ ፋይል፣ ስታስገቡ የፋይሉን መነሻ ከሚጠይቀው ዝርዝር 65001 የሚለውን ምረጡ፤ ዩቲኤፍ 8 የሚባለው፣ የኛንም ፊደል የሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ ማለት ነው።

ንግግሬን እዚህ ላቁም። ከፊታችሁ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ሆን ብለን ኮኔክሽኑን ያበላሸነው ፋይል ተከፍቷል። ሪፍሬሽ በሉት፤ የሚወጣውን መልእክት ሳትዘጉ፣ እንዳለ ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከአጋሮ የመጡት ይጀምሩ።