ረቂቃችሁን አትደብቁ
(በባሕር ዳር፣ የኦንላይን የአካዳሚክ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ ለሚጀምሩ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

ከዳንግላ፣ ከወረታ፣ ከደብረ ታቦር በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እንኳን በሰላም ገባችሁ። ፊት ለፊት የምንተያየው ዛሬ ብቻ ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለ15 ሳምንት የምንገናኘው በጽሑፍ ነው። ስለዚህ ይህች ጠዋት ሳታልፍ ኮርሱ እንዴት እንደሚሄድ በግልጽ ልንገራችሁ።

በየዙሩ የምጠየቃት አንዲት ጥያቄ አለች። «መምህር፣ ቪዲዮዎቹን በሙሉ አውርጄ ካየኋቸው ኮርሱን ጨረስኩ ማለት ነው?» አይደለም ልጆቼ። ቪዲዮ አለ፤ አጭር ነው፣ ይጠቅማልም። ነገር ግን ጽሑፍን አይቶ የተማረ ሰው አላውቅም። ኮርሱ ማለት እናንተ ጽፋችሁ የምትልኩት፣ እኔ አንብቤ የምመልሰው፣ እናንተ ደግሞ እንደገና የምትጽፉት ነው። ሌላው ሁሉ ለዚህ ማጀቢያ ነው።

ሳምንቱ እንዲህ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ሙድል በሚባለው የኮርሱ መድረክ ላይ የሳምንቱ ክፍል ይከፈታል፤ ንባብ፣ ቪዲዮና አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ታገኛላችሁ። እስከ ሐሙስ ለጥያቄው አጠር ያለ መልስ ትጽፋላችሁ፤ እስከ እሑድ የሁለት ጓደኞቻችሁን መልስ አንብባችሁ አስተያየት ትሰጣላችሁ። ዋና ዋናዎቹ ድርሰቶች አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ይጻፋሉ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ጓደኛ ያየዋል፣ ሁለተኛውን እኔ አየዋለሁ፣ ውጤት የሚያዘው በሦስተኛው ነው። ውጤቱ በምን እንደሚለካ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጃችሁ ላይ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡት፤ ብዙ ሰው ከታረመ በኋላ ነው የሚያየው።

ጊዜውን በሚመለከት ላስጠንቅቃችሁ። ኮርሱ በአሜሪካ ኮሌጆች ስሌት ሦስት ክሬዲት ነው። በዚያ ስሌት አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጪ ነው። ሦስቱ ሲደመር በሳምንት 9 ሰዓት፣ በ15 ሳምንት 135 ሰዓት ይሆናል። ኦንላይን ሲሆን ክፍሉ ቀረ እንጂ ሰዓቱ አልቀረም። ዘጠኙንም ሰዓት ከሥራችሁ፣ ከቤታችሁና ከእንቅልፋችሁ መሀል ፈልጋችሁ የምታወጡት ራሳችሁ ናችሁ። እሑድ ማታ 9 ሰዓት ሙሉ አይገኝም።

ሰዓት ካነሣን፣ ትንሽ የምትመስል ግን ሰው የምትጥል ነገር አለች። ሙድል የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 11:59 ፒ.ኤም. ሲል በእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ማለቱ ነው። ባለፈው ዙር አንድ ጎበዝ ልጅ 6:00 ፒ.ኤም. የሚለውን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ብሎ አነበበና ተረጋግቶ ሲሠራ አመሸ። በሩ የተዘጋው ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነበር። ያን ሌሊት የጻፈልኝን መልእክት እስካሁን አልረሳሁትም። ዛሬውኑ የማስረከቢያ ቀኖቹን በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ገልብጣችሁ ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ጽፎ ማምጣት፣ መታረም፣ እንደገና መጻፍ ለጎጃምና ለጣና ዙሪያ ሰው እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ከዚያ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምርና እየጠነከረ ሄዶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ብቻውን ተቀምጦ የቆጠራትን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ መምህሩ ያቃናል፤ በማግሥቱ አዲስ ይዞ ይመጣል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የምንሠራው ይህንኑ ነው። እኛም ከአንድ አንቀጽ ተነሥተን ወደ ሙሉ ድርሰት እንወጣለን።

የሚለየን አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ቅኔ ወርቁን ከሰሙ ሥር ይደብቃል፤ ሰሚው ፈልፍሎ ሲያገኘው ይደሰታል። የአካዳሚክ እንግሊዝኛ አንባቢ ወርቁን መጀመሪያ ላይ፣ በግልጽ፣ ያለ ሰም ይፈልጋል። እኛ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ተብለን አድገናል። ነገር ስንጀምር ከሥሩ እንጀምራለን፤ ዋናውን መጨረሻ ላይ እናወጣዋለን። ቋንቋችንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። «አበበ በሶ በላ» ስንል አበበ በሶውን ምን እንዳደረገው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን «አበበ በላ በሶ» ብሎ ድርጊቱን ከባለቤቱ አጠገብ ያስቀምጣል። «ስለሆነ»፣ «በመሆኑም»፣ «ቢሆንም» እያልን አምስት ሐረግ ደርድረን በአንድ ግስ መዝጋት በአማርኛ ያምራል፤ በእንግሊዝኛ አንባቢውን ያደክመዋል። ይህን የምላችሁ አማርኛችን ጎደሎ ነው ለማለት አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች የእንግዳ አቀባበላቸው ለየቅል ነው፤ የእያንዳንዱን ቤት ሥርዓት ማወቅ ግድ ይላል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በደንቢያ በኩል ያደገች፣ ረቂቆቿን ሁሉ እኔው ያየሁላት አንዲት ተማሪዬ ስለ እምቦጭ ልጻፍ አለች። የመጀመሪያው ረቂቋ ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ መሆኑን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቱን፣ ዓባይ ከዚያ መውጣቱን፣ ገዳማቱን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡን ይተርካል። ሁሉም እውነት ነው። እምቦጭ የመጣው በሦስተኛው ገጽ ነው። ዳር ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጻፍኩላት፦ «ምን ልትነግሪኝ ነው?»

ሁለተኛው ረቂቅ «እምቦጭ ለጣና መጥፎ አረም ነው» ብሎ ጀመረ። «ይህን የሚክድ ሰው አለ?» ብዬ መለስኩላት። ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ ሦስተኛውን ላከችው፤ እንዲህ ይላል፦ «እምቦጭን በእጅና በማሽን ማጨድ ብቻውን ከጣና አያጠፋውም፤ ከማሳ ታጥቦ ወደ ሐይቁ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ እስካልቀነሰ ድረስ አረሙ ምግቡን እያገኘ ይመለሳል።»

ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ያን ቀን ጮክ ብዬ ለቤተሰቤ አነበብኩት። ይህ የመከራከሪያ ሐሳብ ይባላል። የሚቃወመው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ማስረጃ ይጠይቃል። ሐሳቡ ከተገኘ በኋላ አንቀጾቹ ራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አንዱ የአረሙ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ ይናገራል። አንዱ ከእርሻ መሬት ስለሚታጠበው ንጥረ ነገር ያስረዳል። አንዱ ደግሞ ሌላውን ወገን ይሰማል፦ ታንኳውን ማሳለፍ ያቃተው ዓሣ አስጋሪ የአፈር ጥበቃ ሥራ ፍሬ እስኪያፈራ መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ አጨዳው ዛሬም ያስፈልጋል። ገዳማቱና ከፍታው ከድርሰቱ ወጡ። ማውጣቱ አሳዝኗት ነበር። እኔ ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ ባትልክልኝ ኖሮ ሦስተኛው አይወለድም ነበር እላለሁ።

ለዚህ ነው ረቂቃችሁን አትደብቁ የምላችሁ። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ መጥፎ ረቂቅ ከመላክ ምንም አለመላክን ይመርጣሉ፤ ያፍራሉ። መጥፎ ረቂቅ ለእኔ ሥራዬ ነው። ባዶ ገጽ ላይ ግን አስተያየት መጻፍ አልችልም።

የጓደኛችሁን ረቂቅ ስታነቡም «ጎበዝ፣ በርቺ» ብላችሁ አትለፉ። ይሉኝታ እዚህ አይጠቅምም። የቱ ጋ ግራ እንደገባችሁ፣ የቱ ጋ እንዳመናችሁ ንገሩት። ሰዋስውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ሐሳቡን ተከታተሉ። የሌላውን ስሕተት ማየት የለመደ ዓይን የራሱንም ማየት ይጀምራል።

ስለ መጥቀስ ደግሞ ከራሴ ልጀምር። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የጻፍኩት የመጀመሪያ ወረቀት ውስጥ የአንድ ትልቅ ምሁር ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ ገልብጫቸው ነበር፤ ምንጩን አልጠቀስኩም። ለመስረቅ አስቤ አልነበረም። የሊቅ ቃል እንዴት ይነካል ብዬ ነው። መምህሬ ጠርቶ ሲያስረዳኝ ያፈርኩት ዛሬም ይሰማኛል። ስለዚህ ከልቤ እነግራችኋለሁ፦ ቃሉን እንዳለ ከወሰዳችሁ በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት፤ ሐሳቡን ብቻ ከወሰዳችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉት፤ በሁለቱም ጊዜ የባለቤቱን ስም ጥሩ። በራስ ቃል መጻፍ ማለት ሁለት ሦስት ግስ መቀየር አይደለም። ገጹን ዝጉትና ለእናታችሁ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉት።

የኢትዮጵያውያን ስም ላይ ተጠንቀቁ። የፈረንጅ የአጠቃቀስ ሥርዓት የቤተሰብ ስምን ያስቀድማል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ የሚባል ጸሐፊን «ከበደ» ብላችሁ ብትጠቅሱ ሥራውን ለአባቱ ሰጣችሁት። በኢትዮጵያ ጥናት የተለመደው ስሙን እንደሚጠራበት ቅደም ተከተል መጻፍ ነው። በዚህ ኮርስ እኛም እንደዚያው እናደርጋለን፤ ሌላ ቦታ ስትጽፉ መምህራችሁን ጠይቁ፣ ከጅምር እስከ ፍጻሜም አንዱን መንገድ ያዙ።

ድርሰታችሁ ሲገባ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ያመሳክረውና ምን ያህሉ እንደሚመሳሰል በመቶኛ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ፍርድ አይደለም፤ በአግባቡ የጠቀሳችሁትንም ሊቆጥር ይችላል። አይታችሁ አትደንግጡ፣ እኔ ከፍቼ አነባለሁ።

ከኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ የሚባል፣ ሲጠየቅ ራሱ ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራም መጣ። ድርሰቱን እሱ ከጻፈው የታረመው እሱ ነው፤ የተማራችሁት ነገር የለም። በሌላ በኩል የምትሠጉበት ምክንያት እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጽሑፍ በማሽን መጻፉን እናውቃለን የሚሉ ሰባት የመመርመሪያ ፕሮግራሞችን፣ ቶፌል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በተጻፉ 91 ድርሰቶች ላይ ፈትነው ነበር። ሰዎች የጻፏቸው እነዚህ ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ «የማሽን ሥራ» ተብለው ተፈረጁ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ቀላልና የተለመዱ ቃላትን ስለሚጠቀም ነው። በዚህ ኮርስ በማሽን ምርመራ ብቻ የሚከሰስ ተማሪ የለም። ምስክራችሁ ረቂቆቻችሁ ናቸው። ጎግል ዶክስ ላይ ብትጽፉ የእያንዳንዱን ቀን ለውጥ ያስቀምጥላችኋል፤ ወረቀት ላይ የጻፋችሁትንም ፎቶ አንሡ።

መብራትና ኔትወርክ ነገርም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየውን ሁላችንም አሳልፈነዋል። ስለዚህ ንባቦቹን ቀለል ባሉ ፋይሎች አዘጋጅተናቸዋል፤ የሙድል መተግበሪያ ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ይፈቅዳል። መስመር ሲኖር የሁለት ሳምንቱን አውርዱ። መብራት ጠፍቶ ከዘገያችሁ 48 ሰዓት ትርፍ አለ፤ ማብራሪያ አልጠይቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለእኔ ትልቁ ነው። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ጥግ ይዘው የሚቀመጡ፣ አነጋገሬ ይሳቅበታል ብለው አፋቸውን የማይከፍቱ ልጆች ነበሩ። ኦንላይን ያስተማርኩ ጊዜ እነዚያን መሰል ልጆች ገጽ ሙሉ ጻፉልኝ። እዚህ ጥግ የለም። ጥያቄያችሁም፣ ቅሬታችሁም፣ ሰላምታችሁም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ልምምድ ነው። ሦስት መስመር ብትጽፉልኝ ሦስት መስመር እመልስላችኋለሁ።

የመጀመሪያ ሥራችሁ 150 ቃላት ነው። ከቤታችሁ ተነሥታችሁ ሐይቁ ዳር፣ ወይም በየአገራችሁ ወዳለ ገበያ ሂዱና አንድ ነገር አይታችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያያችሁትን ሳይሆን ስላያችሁት ነገር ያሰባችሁትን ንገሩኝ። ማስረከቢያው ሐሙስ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ነው። አሁን ሻይ እየጠጣችሁ በጠረጴዛው ላይ ካሉት ባልደረቦቼ የመግቢያ ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ውሰዱ፤ ስልካችሁ ላይ ሳይከፈት ማንም ከዚህ አይውጣ።

አመሰግናለሁ።