ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ

እሺ፣ ጀመርን። ቀይዋ መብራት በርታለች፣ አትሳቁብኝ።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ያ የባጃጅ ልጅ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ከወረታ በደብረ ታቦር መንገድ ወጥተን፣ ወንድና ሴት ሥራ ሳይለዩ ወደሚኖሩበት መንደር፣ ወደ አውራ አምባ፣ በሚያስገባው ኮረኮንች ታጠፍን። መንደሩ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ። "ግቢ እህቴ፣ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።" አብረን እንግባ አልኩት። ሳቅ አለ። "ወፍጮ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ እህል ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ገብቼ አላውቅም።"

በቃ ይኼው ነው። ሌላ የተፈጠረ ነገር የለም። ግን አስቡት እስቲ፣ ልጁ እኮ ተወልዶ ያደገው እዚያው ፎገራ ነው!

እኔ ገባሁ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ጥጥ ይፈትላል። እንዝርቱን ጭኑ ላይ ሾር ያደርግና እጁን ወደ ላይ ይስባል፤ ክሩ ሳይበጠስ ይረዝማል። አጠገቡ ሴቷ ትሸምናለች። አስጎብኚው ታሪኩን ነገረኝ። ዙምራ ኑሩ የሚባሉ ሰው ማኅበረሰቡን በ1964 ዓ.ም. እንደመሠረቱት፣ በደርግ ጊዜ ነዋሪዎቹ ሸሽተው ቦንጋ ድረስ እንደተሰደዱ። ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው፤ 17.5 ሄክታር ቀረቻቸው። በእርሻ ብቻ መኖር ስላልተቻለ ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ዞሩ።

ቆይ። ወፍጮው የመጣው ከዚያው ከመሬቱ ነገር ነው ማለት ነው። ልጁ እህል የሚያስፈጨው ደግሞ እዚያ ነው። የሱ ቤተሰቦች ያኔ የት ነበሩ? አልጠየቅኩትም። ደግሞስ ምን አገባኝ?

በነገራችን ላይ ፎገራን በክረምት አይታችሁታል? ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ለውሃ ይሆናል። ገበሬው ታዲያ ሩዝ ያበቅልበታል። እንጀራው ራሱ ሩዝ ይገባበታል፣ ነጣ ይላል። "ኤክስ ጅግና" የሚባል ዘር አላቸው፤ ስሙ የአክሽን ፊልም እንጂ የሩዝ አይመስልም። ወንድሜ አሁን "ደግሞ ሩዝ ውስጥ ገባች" እያለ ነው። እሺ፣ ተውኩት።

ከመንደሩ ስመለስ የባጃጁ ልጅ "ምን አሳዩሽ?" አለኝ። የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም... ዝም ብሎ ሰማኝና "እሱንማ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ" ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ቅስሜን ሰበረው! እውነቴን ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ፈታዩን እኔ አይቼዋለሁ፣ አንተ አላየኸውም ልለው ምንም አልቀረኝ። ግን ማን ያውቃል፣ ልጁ ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ከሰውዬው ጋር ስንት ጊዜ አውርቶ ይሆናል። እኔ ሰላም ያልኩት እንኳን በአስጎብኚው በኩል ነው። ሁላችንም አማርኛ እየተናገርን!

ስልኩን ሰጥቶኛል፣ "ስትመጪ ደውይ" ብሎ። ደውዬ ምን ልለው ነው? "ለምን አልገባህም?" አይ፣ ይደብራል። ስለ ሩዙ ብጠይቀው ይሻላል። ከሩዙ ወደ መሬቱ... አይ፣ እሱም እኮ...