የቤት ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም ሲያረጅ፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለሚኖሩ አድማጮቻችን በሚቀርበው የገንዘብ አያያዝ ክፍለ ጊዜ፣ የሒሳብና የታክስ ባለሙያው በስልክና በጽሑፍ የደረሱ ጥያቄዎችን መልሰዋል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ለዓመታት ያገለገለን የግል ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም በአዲስ መተካት ያስፈልግ እንደሆነ የሚጠይቁ ነበሩ። መልሶቹ ለንባብ እንዲመቹ ተስተካክለዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክዊከን የተባለውን የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም በ2015 አንድ ጊዜ ከፍዬ ገዛሁት። ዛሬም ይከፈታል፤ ነገር ግን የባንኬን ዝርዝር ማውረድ ካቆመ ቆይቷል። ተበላሽቶ ነው? አዲሱን ልግዛ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ በዚህ ክፍለ ጊዜ የዚህን ያህል የሚደጋገም ጥያቄ የለም። አልተበላሸም። ፕሮግራሙ በኢንቱይት ኩባንያ ሥር በነበረበት ዘመን፣ አንድ እትም ከወጣ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ከባንክ ጋር የሚያገናኘው አገልግሎት ይቋረጥ ነበር። ኢንቱይት ክዊከንን በ2016 ሸጠው፤ አዲሶቹ ባለቤቶችም ከ2018 እትም ጀምሮ በየጊዜው ክፍያው ወደሚታደስ አገልግሎት ለወጡት። ስለዚህ የቆመው ከባንክዎ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል ብቻ ነው፤ በእጅዎ ያስገቡትን የሚደምረውና የሚቀንሰው ክፍል ዛሬም ደህና ነው።

አንድ ቼኪንግ አካውንትና አንድ ክሬዲት ካርድ ብቻ ካለዎት፣ ቅዳሜ ማታ ተቀምጠው የሳምንቱን ወጪ በእጅዎ የሚያስገቡ ከሆነ፣ ለማሻሻል የሚከፍሉት ገንዘብ የሚያስገኝልዎት ጥቅም ትንሽ ነው። በእጅ የሚጽፍ ሰው ወጪውን በደንብ ያውቃል፤ ይህን ከብዙ ደንበኞቼ አይቻለሁ። በአንጻሩ ታክሲ ወይም ኡበር የሚያሽከረክሩ፣ ቤንዚኑን፣ የኢዚፓስ (የመንገድ መጠቀሚያ) ክፍያውንና ጥገናውን በየቀኑ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ዝርዝሩ ከባንክ በቀጥታ መውረዱ በታክስ ወቅት የሚያተርፍልዎት ሰዓት የዓመቱን ክፍያ ይመልሳል።

ይሁን እንጂ ከፕሮግራሙ ዕድሜ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፕሮግራሙ የተጫነበት ኮምፒውተር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን የደኅንነት ማሻሻያ በጃንዋሪ 2020 አቁሟል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለግለሰቦች የተፈቀደው ተጨማሪ ጊዜ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ድጋፍ በሌለው ኮምፒውተር የባንክ ገጽ መክፈት ትክክል አይደለም።

ለመግዛት ከወሰኑ ደግሞ በዚህ ፕሮግራም ላይ እስኪሰለቻችሁ የምደጋግመውን ልድገመው፦ ቅጂው ይቅደም። አዲሱ ፕሮግራም አሮጌውን መዝገብ ወደ ራሱ አሠራር ከለወጠው በኋላ አሮጌው ፕሮግራም ያንን መዝገብ መክፈት አይችልም። ስለዚህ አዲሱን ከመጫንዎ በፊት መዝገቡን ወደ ውጫዊ ሃርድ ድራይቭ ወይም ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ግልባጩንም ከኮምፒውተሩ ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የዓመቱን ክፍያ ባቋርጥ መዝገቤ ይዘጋብኛል?

መልስ፦ በክዊከን ዴሉክስና ከዚያ በላይ ባሉት የኮምፒውተር እትሞች መዝገብዎን ማየትና በእጅ መጻፍ ይችላሉ፣ ከባንክ ማውረድ ብቻ ይቀራል፤ ዝቅተኛው እትም ግን ማየት እንጂ መጻፍ አይፈቅድም።

ጥያቄ፦ ማይክሮሶፍት መኒን እስከ ዛሬ እጠቀማለሁ። ከ1999 ጀምሮ ያለው ሒሳቤ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ወደ አዲስ ፕሮግራም እንዴት ልውሰደው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይህን ያህል ዘመን ሒሳቡን ያልጣለ ሰው ሊሳቅበት አይገባም። ማይክሮሶፍት ሽያጩን በ2009 አቁሞ፣ በ2010 ደግሞ ነባር ተጠቃሚዎች ያለ ክፍያ የሚጠቀሙበትን የመሰናበቻ እትም አወጣ። ያ እትም የማንም ፈቃድ ሳያስፈልገው በኮምፒውተርዎ ላይ ይሠራል። መዝገቡን አካውንት በአካውንት ኪውአይኤፍ (QIF) በተባለ የፋይል ዓይነት አውጥቶ ክዊከን ወይም በነጻ የሚገኘው ግኑካሽ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው የተላለፈ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ የአክሲዮን መዝገብ ደግሞ ይዘበራረቃል።

የእኔ ምክር የሃያ ምናምን ዓመት ታሪክን ይዞ ለመሻገር አይድከሙ የሚል ነው። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ በየአካውንቱ ያለውን ቀሪ ሒሳብ መነሻ አድርገው በአዲሱ ይጀምሩ፤ አሮጌው እንደ ቤተ መዛግብት ሆኖ ይቀመጥ፣ ዋና ዋናዎቹ ሪፖርቶችም በፒዲኤፍ ይውጡ። ከዚያ በፊት ግን፣ አውቃችሁታል፣ ቅጂው ይቅደም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የተሰበረ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተነካካ፣ የክዊከን ቅጂ በፍላሽ ሰጥቶኛል፤ ክፍያ አይጠይቅም። ተማሪ ነኝ። ልጫነው?

መልስ፦ አይሆንም፣ ልጄ። ግኑካሽ በነጻ እያለልህ የባንክ አካውንትህን ማን እንደነካካው ለማታውቀው ፕሮግራም አትስጥ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ዜና እያነበብኩ ሳለ ስክሪኑ ላይ «የሒሳብ ፕሮግራምዎ አርጅቷል፤ መዝገብዎ ሊጠፋ ነው፤ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣብኝ። ደወልኩ። በጣም ትሑት ሰው አነጋገረኝ፤ ከርቀት ኮምፒውተሬ ውስጥ ገብቶ አስተካከለልኝና 299 ዶላር ከፈልኩ። አሁን ደግሞ የሦስት ዓመቱን አንድ ላይ ከከፈልኩ ቅናሽ እንደሚያደርግልኝ እየደወለ ነው። ያዋጣኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ አያዋጣዎትም። ስልኩን እንደዘጉ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቁት፤ ቀሪውን ከዚያ በኋላ በእርጋታ ያድምጡኝ። ሌሎቻችሁም አድምጡ፤ ይህን የመሰለ ታሪክ በመልክ በመልኩ ሲደርሰኝ ዓመታት ሆኖታል።

የሒሳብ ፕሮግራም ማደስ ሲያስፈልገው ማሳሰቢያው የሚመጣው ፕሮግራሙን ራሱን ሲከፍቱት፣ በራሱ መስኮት ውስጥ ነው። ዜና በሚያነቡበት ገጽ ላይ እየጮኸ፣ የስልክ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ስለ ፕሮግራምዎ ምንም አያውቅም፤ ፕሮግራሙ ለሌለው ሰውም ያንኑ ይለዋል። የድጋፍ ቁጥር በኢንተርኔት ፈልጎ መደወልም ያው አደጋ አለበት፤ ከላይ ተደርድረው የሚታዩት ውጤቶች ብዙ ጊዜ በገንዘብ የተገዙ ማስታወቂያዎች ናቸው፣ አጭበርባሪም ማስታወቂያ ይገዛል። ትክክለኛው ቁጥር በፕሮግራሙ የእርዳታ ዝርዝር ውስጥ ወይም ሲገዙ በተሰጠዎት ደረሰኝ ላይ ይገኛል።

የከፈሉት 299 ዶላር ትንሹ ጉዳት ነው። የግል ሒሳብ መዝገብዎ የባንኮችዎን ስም፣ የአካውንት ቁጥሮችዎን፣ ቀሪ ሒሳብዎን፣ ለማን ምን ያህል እንደሚልኩ በአንድ ቦታ ሰብስቦ የያዘ ነው፤ የባንክ የይለፍ ቃልዎንም እዚያው አስቀምጠው ይሆናል። ያ ትሑት ሰው ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ ነበረው፤ በፈለገ ሰዓት ተመልሶ የሚገባበትን ፕሮግራምም ትቶ ሊሆን ይችላል።

በሌላ ስልክ፣ በባንክ ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር፣ ዛሬውኑ ለባንክዎ ይደውሉና የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩ። የይለፍ ቃሎችዎን ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ይቀይሩ፤ በኢሜይልዎ ይጀምሩ፣ ምክንያቱም ኢሜይልዎን የያዘ ሰው የሌሎቹን ሁሉ ይለፍ ቃል ማስቀየር ይችላል። ቀጥሎ የክሬዲት መዝገብ በሚይዙት ሦስት ኩባንያዎች፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ፣ የክሬዲት መዝገብዎን ያስቆልፉ፤ ከ2018 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ይህ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም ሪፖርት ያድርጉ። ኮምፒውተሩን የሚያውቁት ጠጋኝ ሳያጸዳው የባንክ ገጽ አይክፈቱበት።

ቀጥሎ የሚመጣውንም ልንገርዎት። ሰውየው ይደውልና ኩባንያው ሊዘጋ ስለሆነ ገንዘብዎን እመልሳለሁ ይላል፤ ከዚያም በስሕተት አብልጦ እንደላከ እየማለ ትርፉን በዜል (በባንክ በኩል ገንዘብ መላኪያ) ወይም በስጦታ ካርድ እንዲመልሱለት ይለምንዎታል። ያን ጊዜ የሚሄደው ገንዘብ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ዕዳውን በስጦታ ካርድ የሚሰበስብ ኩባንያ በአሜሪካ ምድር የለም።

ለልጆች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ብዙ አባቶችና እናቶች ይህ ሲደርስባቸው የሚደብቁት እናንተ ስለምትቆጧቸው ነው፤ በተደበቀው ሁለት ሳምንት ውስጥ አካውንቱ ባዶ ይሆናል። ቁጣችሁን አቆዩትና አብራችኋቸው ባንክ ሂዱ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላ ሰውየው ከመግባቱ በፊት የተቀመጠ ግልባጭ ካለዎት መዝገቡን ከእሱ ላይ ይመልሱ። ቅጂው ይቅደም የምለው ለእንዲህ ያለው ቀንም ጭምር ነው። ፕሮግራሙን ማሻሻል ያስፈልግ እንደሆነ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን፤ አሁን አጣዳፊው እሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወደ ስልክ መተግበሪያ ብዞርስ? ነጻ ናቸው ይባላል።

መልስ፦ ሚንት የተባለው የሒሳብ መተግበሪያም ነጻ ነበር፤ ኢንቱይት በማርች 2024 ዘጋው፣ ተጠቃሚዎቹንም ክሬዲት ካርማ ወደሚባለው አገልግሎቱ መራቸው። ዝርዝራቸውን በጊዜ ያላወረዱ ሰዎች በኋላ መጥተው አልቅሰውብኛል። መተግበሪያ ይጠቀሙ፣ ግን ዝርዝሩን በተራ የሠንጠረዥ ፋይል አውጥቶ የሚሰጥዎት መሆኑን ካርድዎን ከማስገባትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በአሮጌው ፕሮግራም ዕቁቤን በደንብ እይዘው ነበር። አዲሱ ግን የምከፍለውን ወጪ፣ ዕጣ ሲወጣልኝ የማገኘውን ደግሞ ገቢ አድርጎ ያሳየኛል። (ከፎልስ ቸርች)

መልስ፦ አዲሶቹ ፕሮግራሞች የወረደውን ዝርዝር ራሳቸው ስለሚመድቡ ይህ ይጠበቃል። በወር 1,000 ዶላር የሚጣልበት የ12 ሰው ዕቁብ ቢሆን፣ ዕጣው በወጣልዎት ወር 12,000 ዶላር ገቢ ያገኙ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የራስዎ ገንዘብ ዞሮ መምጣቱ ነው። «ዕቁብ» የሚል ራሱን የቻለ አካውንት ይክፈቱና በየወሩ የሚጥሉትን ከቼኪንግ ወደዚያ እንደተላለፈ ገንዘብ ይመዝግቡት፤ ሲደርስዎትም በተገላቢጦሹ። ዕጣው ሳይወጣልዎት አካውንቱ ያለዎትን ሀብት ያሳያል፤ ቀድሞ ከወጣልዎት ደግሞ ከዜሮ በታች ወርዶ የሚቀርዎትን ዕዳ ያሳያል። በእጅ የሚሞላ አካውንት መክፈት የማይፈቅድ ፕሮግራም ለእኛ ቤት ስለማይሆን ከመክፈልዎ በፊት በሙከራው ጊዜ ይህን ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ በ2004 የገዛሁት አክሲዮን አለኝ። አሮጌውን መዝገብ ብጥለው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የአክሲዮን ደላሎች የተገዛበትን ዋጋ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቁ የተገደዱት ከ2011 ጀምሮ ለተገዙ አክሲዮኖች ነው። የእርስዎ ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ የገዙበትን ዋጋ የሚያስረዳው ብቸኛ ሰነድ ያ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ያትሙት፣ ቅጂውን ያስቀምጡ፣ ከመሸጥዎ በፊትም የታክስ ባለሙያ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ባለ ባንክ የብር አካውንት አለኝ። ፕሮግራሜ አሁንም በአሮጌው ምንዛሪ ያሰላዋል። ማሻሻል ይፈታዋል?

መልስ፦ ማሻሻል የግድ አይደለም፤ ምንዛሪውን በእጅ መቀየር ይቻላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 29 ቀን 2024 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ በአሮጌው ምንዛሪ የሚያሰላ መዝገብ ከእውነቱ የበለጠ ሀብታም ያደርግዎታል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት አካውንቶችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ግን ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ይህ በሬዲዮ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ስቴትመንቶችዎን ይዘው ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አርፏል። የሒሳብ መዝገቡ በይለፍ ቃል ተቆልፏል።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። መዝገቡን ሳይነካኩ ይገልብጡት፤ የይለፍ ቃል እንሰብራለን ለሚሉ ሰዎች አይስጡ። የወራሽነት ሰነድዎን ይዘው ባንኮቹን በቀጥታ ይጠይቁ፤ ጠበቃም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ አዲሱን ገዝቼ ሁሉንም አዛውሬያለሁ። አሮጌውን ኮምፒውተር መቼ ልጣለው?

መልስ፦ በአዲሱ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ሠርተው፣ የእያንዳንዱ አካውንት ቀሪ ሒሳብ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር እስከ ሳንቲሙ ሲገጥም። ከዚያም ሃርድ ድራይቩን አውጥተው ለራስዎ ያስቀሩና ቀሪውን ይስጡ።