ፀሐይ የካልሲ ኳስ፣ መሬት አንዲት ጤፍ

ህሊና፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የያዝነው ፕላኔቶችን ለልጆች እንዴት እናስተዋውቅ የሚለውን ነው። ልጆቹ አጠገባችሁ ካሉ ድምፁን ከፍ አድርጉላቸው። ቁጥር ስለሚበዛ እናንተም ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

ዮናስ፦ እኔ መጀመሪያ የምጣላው ከግድግዳው ሥዕል ጋር ነው።

ህሊና፦ ከየትኛው?

ዮናስ፦ በየክፍሉ ከሚሰቀለው። ፀሐይ በአንድ በኩል፣ ስምንቱ ፕላኔቶች ደግሞ እንደ ጠዋት ሰልፍ ተደርድረው። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። መጠኑና ርቀቱ ግን ልክ አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም። መሬትን የአንድ ሚሊሜትር ነጥብ አድርገሽ ብትስያት፣ በዚያው ልኬት ኔፕቱን ከፀሐይ 350 ሜትር ገደማ ይርቃል። ያንን የሚችል ግድግዳ የለም።

ህሊና፦ ሥዕሉን እናውርደው?

ዮናስ፦ አይ፣ ለስም ይጠቅማል፤ ይቆይ።

ህሊና፦ እንግዲያው ስሞቹን እንጨርስ። ከፀሐይ ጀምረን ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬት፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቱን። ለማስታወሻ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን ይዘን እንዲህ ብለናል፦ «ሜሮን ቬሎ መርጣ፣ ማታ ጁስ ሳትጠጣ፣ ዩኒፎርም ነከረች።»

ዮናስ፦ ቬሎ የመረጠች ሙሽራ ዩኒፎርም ምን ይሠራላታል?

ህሊና፦ እሱ ነው እኮ የማይረሳው! «ነ» ለ«ኔ» መግባቷን ብቻ ይቅር በሉን። ደግሞ «ፕሉቶስ የት ሄደ?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ዘጠኝ ብለው የተማሩ ብዙ ናቸው።

ዮናስ፦ ፕሉቶ እዚያው ቦታው ላይ እየዞረ ነው፤ የተለወጠው ምድቡ ነው። በፈረንጆቹ 2006 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕራግ ላይ ባደረገው ጉባኤ ፕላኔት ለመባል ሦስት መስፈርት አወጣ፦ ፀሐይን መዞር፣ በራስ የስበት ኃይል መድቦልቦል፣ በምኅዋሩ አካባቢ ካሉት አካላት ሁሉ ገናና ሆኖ መንገዱን ማጽዳት። ፕሉቶ ሦስተኛውን አያሟላም፤ አካባቢው በበረዷማ አካላት የተሞላ ነው። ስለዚህ ድንክ ፕላኔት ተባለ። ለልጅ ይህን ያህል ይበቃል።

ህሊና፦ አሁን ወደ ግቢ እንውጣ። ልኬታችን ቀላል ነው፦ 1 ሴንቲሜትር 100,000 ኪሎሜትርን ይወክላል።

ዮናስ፦ በዚህ ልኬት የፀሐይ ወርድ 14 ሴንቲሜትር ይሆናል። የካልሲ ኳስ ጥሩ ፀሐይ ይወጣዋል። ወርዱን በማስመሪያ ለመለካት አትታገሉ፤ ክር ዙሪያውን ጠምጥሙና ክሩን ለኩ። 44 ሴንቲሜትር ከሆነ ልክ ናችሁ። ካነሰ አንድ ካልሲ ጨምሩበት።

ህሊና፦ ሱቅ የተገዛ የእግር ኳስ አይሆንም?

ዮናስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የእግር ኳስ ወርዱ 22 ሴንቲሜትር ነው። ፀሐይን በአንድ ተኩል ጊዜ ያህል አሳድገሽ ርቀቶቹን እንደነበሩ ከተውሽ ሞዴሉ ተበላሸ። ወይ ሁሉንም አባዢ፣ ወይ የካልሲውን ኳስ ያዢ።

ህሊና፦ ፕላኔቶቹን ደግሞ ከጓዳ እናምጣ። መሬት 1.3 ሚሊሜትር ነች። አንዲት ደህና የሞላች ነጭ ጤፍ ማለት ነው። ቬነስም በትንሹ ብታንስ እንጂ ያው ጤፍ ነች። ማርስ የመሬትን ግማሽ ታክላለች፣ 0.7 ሚሊሜትር። ቀይ ጤፍ ለሁለት ሰብራችሁ ግማሿን ውሰዱ፤ ቀለሙም ይገጥማል። ሜርኩሪ 0.5 ሚሊሜትር ስለሆነች አንድ ቅንጣት የገበታ ጨው ትበቃታለች።

ዮናስ፦ ከዚያ ዝላይ አለ። ጁፒተር 1.4 ሴንቲሜትር ነው፤ ልጆች የሚጫወቱበት ብይ ማለት ነው። ጤፏን ከብዩ አጠገብ ስታስቀምጪ ልጁ ዝም ይላል። አሥራ አንድ መሬቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ነው የጁፒተርን ወርድ የሚያክሉት። በፀሐይ ወርድ ላይ ደግሞ 109 ይደረደራሉ።

ህሊና፦ ሳተርን 1.2 ሴንቲሜትር ነው። ደረቅ ሽምብራ ያንሳል፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ ግን ይደርሳል። እዚህ ጋ ጥንቃቄ አለው፤ በማግስቱ ደርቆ ይጨማደዳል። ሞዴሉን ማቆየት የሚፈልግ ከሊጥ ያድቦልቡልና ያድርቀው። ዩራነስና ኔፕቱን 5 ሚሊሜትር ናቸው፤ ሁለት ደቃቅ አተር።

ዮናስ፦ ምስር አይሆንም?

ህሊና፦ ወርዱ ይገጥማል፣ ግን ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ፕላኔት ለልጅ አሳይተህ ኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው።

ዮናስ፦ የሳተርንን ቀለበት ላብራራ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እሱ ነው። ከወረቀት የውጭ ወርዱ 2.7 ሴንቲሜትር፣ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ 1.5 ሴንቲሜትር የሆነ ቀለበት ቁረጡ። ቀዳዳው ከሽምብራው ይሰፋል አይደል? መስፋትም አለበት። ልጆች ቀለበቱን ከኳሱ ጋር በሙጫ ያጣብቁትና እንደ ባርኔጣ ክፈፍ የተያያዘ ይመስላቸዋል። እውነተኛው ቀለበት ሳተርንን አይነካም። እያንዳንዷ የበረዶና የድንጋይ ቁራሽ ለብቻዋ እንደ ጨረቃ ትዞራለች። ሽምብራውን በስፒል ወጋ አድርጉና ቀለበቱን በሁለት ቀጭን ክር ከስፒሉ ጋር እሰሩት።

ህሊና፦ ወረቀቱስ? ስሱ ነው ወፍራም?

ዮናስ፦ የደብተር ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በልኬታችን 1,000 ኪሎሜትር። እውነተኛው ቀለበት በአብዛኛው ቦታ ውፍረቱ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በጣም ስሱ የምንለው ወረቀት እንኳ ከሚገባው በላይ በብዙ ሺህ እጥፍ ወፍራም ነው።

ህሊና፦ አሁን መደርደር። የልጅ እርምጃ ግማሽ ሜትር ነው ብለን እንነሳ። ከካልሲው ኳስ ተነስተን ሜርኩሪ 12ኛው እርምጃ ላይ፣ ቬነስ 22፣ መሬት 30፣ ማርስ 46። እስካሁን ሁሉም ደስተኛ ነው። ከዚያ ጁፒተር 156።

ዮናስ፦ ማጉረምረም የሚጀመረው እዚህ ነው።

ህሊና፦ ሳተርን 286፣ ዩራነስ 574፣ ኔፕቱን 900። በሜትር 450 ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105 ሜትር ስለሆነ ጁፒተር ሜዳው ውስጥ ያርፋል፣ ሳተርን ግን ከሜዳው ይወጣል። መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ ሳተርን ላይ አቁሙት፤ የቀረውን «እዚያ ሕንፃ ጋ» ብላችሁ በጣት አሳዩ።

ዮናስ፦ ከመነሳታችሁ በፊት እርምጃውን ፈትኑ። 10 ሜትር በሜትር ለኩና ልጁ ይራመድበት። 20 እርምጃ ከሆነ የሰጠናችሁ ቁጥር ይሠራል። 16 ከሆነ እርምጃው 62.5 ሴንቲሜትር ነው፤ ኔፕቱን 720 ላይ ይመጣል ማለት ነው። ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ይቁጠር። እየተቀባበሉ ከቆጠሩ ረጅሙ ልጅ ዩራነስን አሻግሮ ያስቀምጠዋል።

ህሊና፦ ጤፏንም ነፋስ ይወስዳታል። ጥቁር ካርቶን ላይ በፕላስተር ለጥፏት፣ ካርቶኑንም እንጨት ላይ። ነጭ ካርቶን ላይ ነጭ ጤፍ የለጠፈ ሰው መሬትን ፈልጎ አያገኛትም።

ዮናስ፦ ካርቶኑ ላይ ጨረቃንም ጨምሩ። ከጤፏ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ነጥብ። የሰው ልጅ በአካል የደረሰበት የመጨረሻው ርቀት ያቺ አራት ሴንቲሜትር ናት።

ህሊና፦ ማርስና ጁፒተር መካከል ባለው ባዶ ቦታ ልጆች «አስትሮይዶቹስ?» ይላሉ። ፊልም ላይ መርከቦች በድንጋይ መሃል ሲሽሎኮሎኩ አይተዋል።

ዮናስ፦ የአስትሮይድ ቀበቶው ሁሉ አንድ ላይ ቢሰበሰብ ክብደቱ የጨረቃን 3 በመቶ ያህል ነው። በእኛ ልኬት የሚታይ ነገር የለም። ባዶውን ይራመዱት። ሕዋ ማለት በአብዛኛው ይኸው ባዶነት ነው፣ ሥዕሉ የሚደብቀውም እሱን ነው።

ህሊና፦ ብርሃንንም በዚሁ መንገድ ማሳየት ይቻላል። በልኬታችን ብርሃን በሰከንድ 3 ሴንቲሜትር ይሄዳል። አንድ ልጅ ከካልሲው ኳስ ተነስቶ ጣቱን በሰከንድ ሦስት ሴንቲሜትር መሬት ለመሬት ያስኪድ። ጤፏ ጋ የሚደርሰው ከ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በኋላ ነው። የፀሐይ ብርሃን በእውነትም ያንን ያህል ይፈጅበታል። ኔፕቱን ለመድረስ ከአራት ሰዓት በላይ ነው፣ ያንን አትሞክሩት።

ዮናስ፦ እየተራመዱ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ለፀሐይ የምትቀርበው ሜርኩሪ ናት፤ እሷ ናት በጣም የምትሞቀው?» አይደለችም። ሜርኩሪ ቀን 430 ዲግሪ ትደርስና ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ትወርዳለች፤ ሙቀት የሚይዝላት አየር የላትም። ቬነስ ግን ቀንም ሌሊትም 465 ዲግሪ አካባቢ ነች። አየሯ 96 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ የገባው ሙቀት አይወጣም። እርሳስ የሚባለው ብረት በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እዚያ ብታስቀምጪው ኩሬ ይሆናል።

ህሊና፦ አጥቢያ ኮከብ የምንላትም እሷው ናት። ኮከብ አይደለችም። አንዳንድ ወራት ከንጋት በፊት በምሥራቅ፣ ሌላ ጊዜ ማታ በምዕራብ ትታያለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ሰማይ መሃል አታገኟትም። ምክንያቱን ሞዴሉ ያሳያል፦ 30ኛው እርምጃ ላይ ቆማችሁ ወደ ፀሐይ ዙሩ፤ ቬነስ 22 ላይ ስላለች ሁልጊዜ በፀሐይ በኩል ነች። እኩለ ሌሊት ማለት ለፀሐይ ጀርባ መስጠት ነው።

ዮናስ፦ ይህን ሲሰሙ «ፀሐይን እንያት» የሚሉ ይኖራሉ። በባዶ ዓይን አይሆንም። በጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ የተደራረበ መነጽር፣ አንዳቸውም አይሆኑም። ብርሃኑን ቢያጨልሙም የማይታየውን ጨረር ያሳልፋሉ፤ ዓይን ውስጥ ሲቃጠል ደግሞ ሕመም የለውም፣ ልጁ አያውቅም። የሚሆነው የአይኤስኦ 12312-2 መለያ ያለው፣ ያልተቧጨረ የግርዶሽ መነጽር ብቻ ነው።

ህሊና፦ ለልጆች የሚጥማቸው ደግሞ የዕድሜ ስሌት ነው። አንድ ዓመት ማለት ፀሐይን አንድ ጊዜ መዞር ነው። ሜርኩሪ በ88 ቀን ትዞራለች፤ የስምንት ዓመት ልጅ እዚያ 33 ይሆናል። ማርስ 687 ቀን ይፈጅባታል፤ እዚያ አራት ዓመቱ ነው። ጁፒተር ላይ የመጀመሪያ ልደቱን ለማክበር ወደ 12 የሚጠጋ ዓመት መጠበቅ አለበት።

ዮናስ፦ ኔፕቱን ደግሞ 165 ዓመት። በ1846 ከተገኘ በኋላ አንድ ዙር የጨረሰው በ2011 ነው፣ በፈረንጆቹ። አንድ ነገር ግን አታስጠኗቸው፤ የጨረቃዎችን ብዛት። የሳተርን ብቻ ከ270 አልፏል፣ አሁንም አዲስ ይገኛል። ልጁ የሸመደደው ቁጥር ፈተና ሳይደርስ ሊያረጅ ይችላል።

ህሊና፦ የመጨረሻው ጥያቄ «ከኔፕቱን ወዲያስ? የሚቀጥለው ፀሐይ የት ነው?» የሚለው ነው።

ዮናስ፦ ለእኛ ቅርቡ ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ነው። የካልሲው ኳስ አዲስ አበባ ቢሆን፣ እሱ የሚያርፈው 4,000 ኪሎሜትር ርቆ ነው፤ በቀጥታ መስመር ጆሃንስበርግ በሉት። መካከሉ ላይ ሌላ ኮከብ የለም።

ህሊና፦ ሌሎች ኮከቦችም ፕላኔት አላቸው። በፈረንጆቹ 2019 አገሮች ለአንዳንድ ኮከቦችና ፕላኔቶች ስም እንዲያወጡ ዕድል ሲሰጣቸው፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና» ተባለ። የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»።

ዮናስ፦ ሁለተኛ ፕላኔት ከተገኘ ስሙ አያስቸግርም፤ ቶና ነዋ።

ህሊና፦ ሦስተኛው በረካ! በሉ፣ ስትጨርሱ ካርቶኖቹን ከኔፕቱን ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ሰብስቡ። ርቀው ያሉት ናቸው የሚረሱት። ሽምብራውን ደግሞ ዶሮ እንዳትቀድማችሁ።